የፋይል ስም በጅምላ መቀየር እምቢ ሲል

የምርቃት ሰሞን ጅማ ውስጥ ፎቶ ቤት የሚሠራ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። ካሜራው የራሱን ስም እየሰጠ ፎቶውን ይደረድራል፣ ደንበኛው ደግሞ ፍላሹ ላይ «ጅማ_ምርቃት_001» የሚል ነገር ማየት ይፈልጋል። በማውዝ አንድ በአንድ እቀይራለሁ ካላችሁ እዚያው ማምሸት ነው። ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ግን የአንድ መስመር ሥራ ነው፣ መስመሩ ከሠራ። ካልሠራ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ኮከቧን (*) የሚያነባት ማነው?

ትዕዛዞቹን እንደምንጠራቸው ነው የጻፍኳቸው፤ ስትተይቡ ያው በላቲን ነው።

ሊኑክስ ላይ «ኤምቪ *.ጄፒጂ ጅማ_*.ጄፒጂ» ስትሉ «መድረሻው ፎልደር አይደለም» ይላል

ኤምቪ (mv፣ ፋይል የሚያዛውረውና ስም የሚቀይረው ትዕዛዝ) ኮከብ የምትባል ነገር አያውቅም። ኢንተር ስትጫኑ ባሽ (የተየባችሁትን የሚቀበለው ፕሮግራም) ቀድሞ ኮከቧን ፎልደሩ ውስጥ ባሉት ስሞች ይተካትና ዝርዝሩን ለኤምቪ ያቀብለዋል። ኤምቪ ጋ የሚደርሰው እንግዲህ ረጅም የስም ሰልፍ ነው፣ የመጨረሻውን ስም መድረሻ አድርጎ ይወስደዋል፣ ብዙ ፋይል ወደ አንድ ቦታ ሲባል ደግሞ ቦታው ፎልደር መሆን ስላለበት ያኮርፋል።

ይሄኛው ደግ ስህተት ነው፣ ቢያንስ ይናገራል። ክፉው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። ፎልደሩ ውስጥ ያሉት ሁለት ፎቶዎች ብቻ ሆነው «ኤምቪ *.ጄፒጂ» ብላችሁ መድረሻውን መጻፍ ብትረሱ፣ የመጀመሪያው ፎቶ የሁለተኛውን ስም ይወስድና ሁለተኛው ይጠፋል። ማስጠንቀቂያ የለም። ሪሳይክል ቢን ውስጥም አታገኙትም። የተመራቂው እናት ሲመጡ ምን ልትሏቸው ነው?

መፍትሄው ፋይሎቹን አንድ በአንድ ለኤምቪ ማቀበል ነው፦

ፎር ኤፍ ኢን *.ጄፒጂ; ዱ ኢኮ ኤምቪ -ኤን -- "$ኤፍ" "ጅማ_$ኤፍ"; ደን

ኢኮ እያለች ምንም ፋይል አይነካም፣ ሊሆን ያለውን ብቻ ታሳያችኋለች። ዝርዝሩን አንብባችሁ ካመናችሁበት ኢኮን አጥፉና ድገሙት። -ኤን በነበረ ፋይል ላይ እንዳይጽፍ ይከለክላል። ሁለቱ ሰረዞች ስሙ በሰረዝ የሚጀምር ፋይል ካለ እንደ ትዕዛዝ እንዳይቆጠር ናቸው። ጥቅሶቹን ደግሞ እንዳትዘሉ። «አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት.ጄፒጂ» የሚባል ፎቶ ያለ ጥቅስ ከሰጣችሁት ባሽ አራት ቦታ ይቆርሰዋል፣ ኤምቪም «መንግሥት.ጄፒጂ» ስለሚባል መድረሻ ማማረር ይጀምራል።

ዊንዶውስ ላይ ስሙ ተቀይሯል፣ ግን ተበላሽቷል

ሲኤምዲ (የዊንዶውስ የትዕዛዝ መስኮት) ውስጥ ነገሩ ተገልብጧል፤ ኮከቧን የሚያነባት ስም ቀያሪው ትዕዛዝ ራሱ ሬን (ren) ነው። ለዚህ ነው ሊኑክስ ላይ እምቢ ያለው «ሬን *.ጄፔግ *.ጄፒጂ» ዓይነት ነገር እዚህ ሰተት ብሎ የሚያልፈው። አነባበቡ ግን ፊደል በፊደል ነው። «ምርቃት_0012» የሚለውን «ሬን ምርቃት* ጅማ*» ብትሉት «ጅማ_0012» አታገኙም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደሎች ብቻ ይተካና «ጅማቃት_0012» ብሎ ያስረክባችኋል። ጅማቃት የሚባል ከተማ ደግሞ የለም።

ርዝመታቸው የተለያየ ስሞችን ለመተካት ሌላው የዊንዶውስ የትዕዛዝ መስኮት፣ ፓወርሼል፣ ይሻላል። ሪኔም-አይተምን ከ -ሪፕሌስ ጋር ተጠቀሙ፣ መጨረሻው ላይ -ዋትኢፍ ጨምሩ፣ ሳይነካ ያሳያችኋል። ሲኤምዲ የአማርኛውን ፊደል ሣጥን ሣጥን አድርጎ ካሳያችሁ አትደንግጡ፣ የፎንት ጉዳይ ነው።

ሪኔም ጓደኛዬ ጋ ይሠራል፣ እኔ ጋ ዝም ይላል

ሊኑክስ ላይ ሪኔም (rename) በሚል አንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ስም ቀያሪ ፕሮግራሞች ናቸው። ኡቡንቱና ዴቢያን በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ያለው በፐርል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ሲሆን «ኤስ/አሮጌ/አዲስ/» ይቀበላል፣ ከሌለ በፕሮግራም መጫኛው በአፕት ይጫናል። ፌዶራ በሚባለው ሊኑክስ ላይ ያለው ግን አሮጌውን ስም፣ አዲሱን ስም፣ ከዚያ ፋይሎቹን በተራ ነው የሚፈልገው። የኡቡንቱውን ለፌዶራው ብትሰጡት የሚቀይረው ስላላገኘ ምንም ሳይል ይወጣል።

አንድ ወጥመድ አለ። የሪኔም -ኤን «አሳየኝ ብቻ» ማለት ነው፣ የኤምቪ -ኤን ግን «አትደርብበት» ማለት ነው። ኤምቪን በ -ኤን እየሞከርኩ ነው የሚል ሰው እየሞከረ ሳይሆን እየቀየረ ነው።

በፐርሉ ውስጥ ደግሞ ነጥብ ማንኛውንም ምልክት ትይዛለች፣ ኮከብም ከፊቷ ያለውን ፊደል ድግግሞሽ እንጂ «ማንኛውንም ነገር» አትልም። ነጥብን ነጥብ ብቻ እንድትሆን ከፈለጋችሁ ከፊቷ \ አድርጉ።

ግማሹ ፋይል ተቀይሮ ግማሹ ቀረ

የአማርኛ ስም ካለ መጀመሪያ ፊደሉን ጠርጥሩ። አንዱ «ጅማ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ጂማ»። ለእኛ አንድ ከተማ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው፣ ስለዚህ «ጅማ*» ሌላኛውን አያየውም። ፀሐይና ጸሀይ የሚባሉ ተመራቂዎች ፎቶ ላይም ያው ነው። ባሽ ውስጥ «[ጅጂ]ማ*» ወይም «[ፀጸ][ሐሀኀ]ይ*» ብትሉ ሁሉንም ይሰበስባል።

ይህንኑ ቅንፍ ግን ፐርሉ ሪኔም ውስጥ እንዳትሞክሩት። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተሩ ፊደልን በሚያስቀምጥበት ዘዴ) ሦስት ባይት ነው፣ ሪኔም ደግሞ ካልነገራችሁት በቀር የሚያየው ባይት ነው። [ጅጂ] ሲባል ከባይቶቹ አንዷን ብቻ ያነሳና ይተካታል፣ የሚተርፈው ስም ጥያቄ ምልክትና ኮተት ይሆናል። በእሱ ፋንታ «(ጅ|ጂ)» ጻፉ፣ ያለምንም ችግር ይሠራል።

ቀን ስጨምርበት «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም» ይላል

12/10/2017 ብላችሁ ጽፋችሁ ነዋ። / የፎልደር መለያ ስለሆነች ስም ውስጥ አትገባም። 2017-10-12 በሉት፤ ዓመቱ ስለቀደመ በተራም ይደረደርላችኋል። ሰዓት ከጨመራችሁ ሁለት ነጥቧን (:) ተዉ፣ ፍላሽ ላይ ያሉት የፋይል አደራጅ ሥርዓቶች፣ ፋትና ኤክስፋት፣ አይቀበሏትም። ቁጥር ስትሰጡም ከ001 ጀምሩ፣ አለበለዚያ 10 ከ2 በፊት ይሰለፋል።

ትልቁን ጄፒጂ ወደ ትንሹ ስቀይር «ሁለቱም አንድ ፋይል ናቸው» ይላል

ፍላሹ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል አይለይም። በሁለት እርምጃ ቀይሩት፦ መጀመሪያ ወደ ሌላ ጊዜያዊ ስም፣ ከዚያ ወደምትፈልጉት።