ከሕፃን የተቀዳ ደም እጃችሁ ሲገባ

ደሙ የሚደርሰኝ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ቱቦ፣ በላዩ የመለያ ቁጥርና «ዕድሜ 9» የሚል ጽሑፍ። የዶክትሬት ጥናቴ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ላይ ነው፤ ጠላትን ሊከላከሉ የተፈጠሩ ቲ ሴሎች የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ዞረው በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ቤታ ሴሎች የሚያጠፉበት ሕመም። እነዚህ አጥቂዎች በደም ውስጥ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በአያያዝ ጉድለት የሞተ ሴል ሁሉ ከመልሱ ይቀነሳል። ታናሽ ወንድሜ በየቀኑ ኢንሱሊን ስለሚወጋ፣ ልጅ ክንዱን ለመርፌ መዘርጋት ምን እንደሚከብደው አውቃለሁ።

ደሙን በረዶ ላይ አታስቀምጡ። በክፍሉ ሙቀት ይቆይ፣ በዚያው ቀን ይሠራ። በእኩል መጠን የጨው ውሃ አቅጥኑት። በሌላ ቱቦ ፊኮል፣ የደም ሴሎችን በክብደታቸው የሚለየውን ፈሳሽ፣ ቅዱ፤ ቱቦውን አዘንብላችሁ ደሙን በግድግዳው በኩል ቀስ እያላችሁ አንሳፍፉበት። ከተደባለቀ አይለይላችሁም።

ሴንትሪፊውጁን፣ ማለትም ቱቦውን የሚያሽከረክረውን ማሽን፣ በ400 ጂ (የመሬት ስበት 400 እጥፍ)፣ በ20 ዲግሪ፣ ለ30 ደቂቃ አሽከርክሩ፤ ፍሬኑ ግን ይጥፋ። በመጀመሪያው ዓመቴ ይህን ረስቼ ማሽኑ በድንገት ሲቆም ቲ ሴሎቹ የሚሰበሰቡበት ነጭ ቀለበት ተበትኖ ጠበቀኝ። ያን ደም እንደገና ስጠኝ የሚባል ልጅ አልነበረም። ያን ቀን አምርሬ አለቀስኩ። ዛሬም «ፍሬን ዜሮ» ብዬ ጮክ ብዬ ሳላነብ ቁልፉን አልጫንም።

ቱቦው ሲወጣ፣ ጠላ ሲጠል አተላው እንደሚዘቅጥ፣ ቀይ ሴሎቹ ከታች ተቀምጠው ታገኛላችሁ። ከላያቸው ጥርት ያለ ፊኮል፣ ከእሱ በላይ እንደ ጭጋግ የሳሳ ነጭ ቀለበት፣ ከሁሉ በላይ ቢጫው ፕላዝማ። ፕላዝማውን አትድፉ፤ ቤታ ሴልን የሚለዩ ፀረ እንግዳ አካላት የሚገኙት እዚያ ነው። ከግማሽ በላይ የጨመራችሁት የጨው ውሃ መሆኑን ጽፋችሁ አቀዝቅዙት።

ቀለበቱን በፒፔት፣ ግድግዳውን እየዞራችሁ፣ ሳትጣደፉ ሰብስቡ። የተረፈው ፊኮል ሴሎቹን ይጎዳልና ሁለት ጊዜ እጠቡ። ትራይፓን ብሉ በተባለው ቀለም ቁጠሩ፤ የሞቱት ሰማያዊ ይሆናሉ።

ለማቆየት 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ (ሴሎችን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቅ ኬሚካል) ባለበት ፈሳሽ አኑሯቸው። በደቂቃ አንድ ዲግሪ ገደማ በሚያበርድ ሣጥን ውስጥ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ያድሩ፤ ጠዋት ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይሂዱ። መለያ ቁጥሩን በክዳኑም በጎኑም፣ አልኮል በማያጠፋው ቀለም ጻፉ።