ብርሃኑ አልታጠፍ ሲል፦ የስበት ሌንስ ሞዴል ችግርና መፍትሄ

የጥቁር ቁስ ሃሎ፣ ማለትም ጋላክሲን የከበበው ብርሃን የማይሰጥ ቁስ፣ ራሱ አይታይም። የሚታየው ከጀርባው ያለ ጋላክሲ (ምንጩ) ብርሃን በስበቱ ሲጠማዘዝ ነው፤ ብርሃኑን የሚያጥፈው ጋላክሲ ከነሃሎው ሌንስ ይባላል። ይህን መታጠፍ በኮድ የሚያሰላው ሞዴል ከፎቶው ጋር አልገጥም ሲል ብዙ ሰው ቶሎ ሃሎውን ይጠረጥራል። እኔ ርቀቱንና መለኪያውን አስቀድማለሁ።

ቀለበቱ ግማሽ ሆኖ ወጣ
ቀለበቱ የምንጩ ብርሃን በሌንሱ ዙሪያ የሚሠራው ክብ ነው። ራዲየሱ በግማሽ ካነሰ ኮዱ ውስጥ የኒውተን ቀመር ገብቷል። የአንስታይን መታጠፍ የዚያ እጥፍ ነው፤ በ1919 የፀሐይ ግርዶሽ የተፈተነውም ይኸው ነበር፦ 0.87 ወይስ 1.75 አርክ ሰከንድ (የዲግሪ 1/3600)? ለማጣራት አይሶተርማል ሃሎ የሚባለውን ቀላል የሃሎ ሞዴል ውሰዱ፤ የፍጥነት ስርጭቱ (በውስጡ ያሉት ፍጥነቶች የሚለያዩበት መጠን) በሰከንድ 220 ኪሎ ሜትር ይሁን። የርቀቶቹ ውድር (ከሌንሱ እስከ ምንጩ ያለው ለእኛ እስከ ምንጩ ላለው ተካፍሎ) ሳይባዛበት የቀለበቱ ራዲየስ 1.4 አርክ ሰከንድ ገደማ መሆን አለበት። 0.7 ካያችሁ ቀመሩ ውስጥ 4π መሆን የነበረበት 2π ሆኗል። ቁጥሩ ጭራሽ የማይመስል ከሆነ ራዲያኑን በ206265 ማባዛት ተረስቷል።

ከሌንሱ እስከ ምንጩ ያለው ርቀት ኔጌቲቭ ሆነ
በማዕዘን የሚሰላ ርቀት እንደ አስፋልት ኪሎ ሜትር ዝም ብሎ አይቀናነስም። ሬድሺፍት (በዩኒቨርስ መስፋፋት የብርሃን ሞገድ የሚለጠጥበት መጠን) 1.6 አካባቢ ጣሪያው ላይ ደርሶ መልሶ ይወርዳል። በጠፍጣፋ ዩኒቨርስ የሌንሱን ርቀት በ(1 + የሌንሱ ሬድሺፍት) አባዙ፣ በ(1 + የምንጩ ሬድሺፍት) አካፍሉ፣ ከዚያ ከምንጩ ርቀት ቀንሱ። ኔጌቲቭ ሲወጣ እንኳ ጥሩ ነው፣ ያስደነግጣል። የሚብሰው ቀለበቱን ትንሽ አሳንሶ ዝም የሚለው ነው።

ጠርዙ ላይ የሌለ መዛባት ታየ
የፉሪየር ስሌት (ምስሉን ወደ ሞገዶች የሚበትነው) ሰማዩ የሚደጋገም ይመስለዋል። የስሌቱን የፒክስል ሰሌዳ ዙሪያውን ዜሮ ሞልታችሁ እጥፍ አስፉት።

የኳዛሩ አራት ምስሎች ቦታቸው ገጠመ፣ ድምቀታቸው ግን እምቢ አለ
ኳዛር በጣም ደማቅ የሩቅ ጋላክሲ እምብርት ነው፤ ሌንሱ ብርሃኑን አራት ምስል ሊያደርገው ይችላል። እዚህ ጋ ጥቁር ቁስን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ትንንሽ ሃሎዎች አንዱን ምስል ለይተው ሊያደምቁ ይችላሉ። ነገር ግን በሚታየው ብርሃን ላይ የሌንሱ ጋላክሲ ተራ ከዋክብትም ይህንኑ ያደርጋሉ። የሬዲዮ ልኬት ፈልጉ። የሬዲዮው ምንጭ ሰፊ ስለሆነ ከዋክብቱ ብዙም አይነኩትም። እዚያም ካልገጠመ ንዑስ ሃሎ ጨምሩ።

ሁሉም ገጠመ፣ የሀብል ቋሚ ግን አንድ ቦታ አልረጋ አለ
የሀብል ቋሚ ዩኒቨርስ የሚሰፋበት ፍጥነት መለኪያ ነው። ይህኛው የኮድ ስህተት አይደለም። የሃሎውን መጠነ ቁስ በጥቂቱ ቀንሳችሁ በምትኩ ወጥ የሆነ የቁስ ንጣፍ ብታነጥፉ የምስሎቹ ቦታም የድምቀታቸው ውድርም አይለወጥም። የሚለወጠው በምስሎቹ መካከል ያለው የጊዜ መዘግየት ነው፤ የሀብል ቋሚ የሚሰላው ደግሞ ከእሱ ነው። በ1979 የተገኘውን የመጀመሪያውን ሌንስ፣ ኪው 0957+561 የተባለውን ባለ ሁለት ምስል ኳዛር፣ ተመልከቱ። መዘግየቱ 417 ቀን ገደማ ተለክቷል። ሌንሱ ግን በጋላክሲዎች ክላስተር ውስጥ ስላለ የክላስተሩ ድርሻ ስንት ነው የሚለው አስቸገረ። ፒክስል ብትጨምሩ አይፈታም። የሌንሱ ጋላክሲ ከዋክብት የሚንቀሳቀሱበትን ፍጥነት ከስፔክትረም ለኩና ሞዴሉ ውስጥ አስገቡ፤ ይህ ልኬት ከሌላችሁ የስህተት ወሰናችሁን አስፉ።