ሃይስኩል ሳይጨርሱ የኮሌጅ ሒሳብ

አሜሪካ ላላችሁ ወላጆች፦ ልጃችሁ 11ኛ ክፍል ላይ ካልኩለስን ከጨረሰች፣ 12ኛን ያለ ሒሳብ እንዳታሳልፍ። ዓመት ሙሉ የተወ እጅ ይዝጋል። ብዙ ሃይስኩሎች ከአካባቢው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጋር ተስማምተው ተማሪውን እዚያ ያስተምሩታል። "ዱዋል ኢንሮልመንት" ይሉታል። ሜሪላንድ ውስጥ ለኮሌጅ ዝግጁ መሆኑን ያሳየ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ የኮርሱን ክፍያ አይከፍልም። ካውንስለሩን (የሃይስኩሉን የተማሪዎች አማካሪ) ራሳችሁ ጠይቁ፤ እስኪነገራችሁ አትጠብቁ።

ካልኩለስ 3 እና ሊኒየር አልጀብራ በኤፒ (ሃይስኩል ውስጥ በሚሰጠው፣ የራሱ ፈተና ባለው የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) አይሰጡም፤ እነዚህን ለሚፈልግ ልጅ ኮሌጁ ትክክለኛው ቦታ ነው። ካልኩለስ 1 ላይ ላለ ልጅ ግን እኔ ኤፒን እመርጣለሁ። የኤፒ ፈተና ውጤት ካላማረ ለዩኒቨርሲቲ አለመላክ ይቻላል። የኮሌጅ ውጤት ግን ትራንስክሪፕት (የውጤት መዝገብ) ላይ ለዘለዓለም ይቀመጣል። በ16 ዓመቷ ያመጣችው "ሲ" በኋላ ለሕክምና ትምህርት ስታመለክትም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ኮርሱን ያለ "ደብሊው" (ኮርሱን ማቋረጧን ትራንስክሪፕት ላይ የሚያሳይ ምልክት) የምትተውበትንም፣ በ"ደብሊው" የምትወጣበትንም የመጨረሻ ቀን ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ያዙ።

ክሬዲቱንም ሁሉም ዩኒቨርሲቲ አይቀበልም። አንዳንድ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ለሃይስኩል ዲፕሎማ የተቆጠረን ኮርስ ድጋሚ አይቆጥሩም። የኮርሱን ሲለበስ (መምህሩ የሚሰጠውን የኮርሱን ዝርዝር ዕቅድ)፣ የቤት ሥራዎችና የተመለሱ ፈተናዎች አስቀምጡ። የሒሳብ ዲፓርትመንቱ ኮርሱን ለመገምገም ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሲለበሱን ነው።