የጢስ ዓባይ ጠብታ በየስክሪኑ እኩል እንድትወርድ፦ አኒሜሽንን ከሰዓት ጋር ማስማማት

የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ቁመቱ እስከ 45 ሜትር ይደርሳል። አንዲት የውሃ ጠብታ አየሩ ካላዘገያት ከአናቱ እስከ ሥሩ ለመውረድ 3 ሴኮንድ ያህል ይበቃታል። ይህን ብራውዘር ላይ በአኒሜሽን መሥራት ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው። በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል፤ የኛው ግን ዓመቱን ሙሉ ነሐሴ ነው።

ብዙ ሰው ታዲያ «በየፍሬሙ (ስክሪኑ ላይ ተራ በተራ ከሚሳሉት ምስሎች በእያንዳንዱ) ጠብታዋን 25 ሴንቲሜትር ዝቅ አድርግ» ብሎ ይጀምራል። በሴኮንድ 60 ፍሬም በሚያሳይ ስክሪን 180 ፍሬም 3 ሴኮንድ ስለሆነ ሒሳቡ ልክ ይመጣል። ጉዱ የሚፈላው ሌላ ማሽን ላይ ነው። ባሕር ዳር ያለ ጌም ወዳድ በሴኮንድ 144 ጊዜ በሚታደስ ሞኒተር ቢከፍተው ጠብታዋ በ1.25 ሴኮንድ ዱብ ትላለች። ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ባትሪ ቁጠባ ውስጥ ከገባ፣ ብራውዘሩ በሴኮንድ ወደ 30 ፍሬም ሊወርድ ይችላል። ያቺው ጠብታ 6 ሴኮንድ ትንሳፈፋለች። ኮዱ አንድ፣ ፏፏቴው ሦስት ዓይነት።

መፍትሔው ፍሬም መቁጠሩን ትቶ ሰዓት መጠየቅ ነው።

መጀመሪያ የትኛውን ሰዓት እንደምትጠይቁ ወስኑ። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ሁለት አሉ። «ዴት ናው» (Date.now) ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ወዲህ ያለፈውን ጊዜ በሚሊሴኮንድ ይነግራችኋል፤ በፈረንጆቹ የ1970 የመጀመሪያ ቀን መሆኑ ነው። «ፐርፎርማንስ ናው» (performance.now) ስለ ቀን ምንም አያውቅም። ገጹ መከፈት ከጀመረ ወዲህ ያለፈውን ብቻ ይቆጥራል፤ ወደ ኋላም አይመለስም።

ልዩነቱን አትናቁት። ማዘርቦርድ ላይ ማሽኑ ጠፍቶም ሰዓት የምትቆጥር ቺፕ አለች። የምትቆጥረው በሴኮንድ 32,768 ጊዜ በሚርገበገብ ክሪስታል ነው፤ መብራት ሲጠፋ የምታቆያት ደግሞ አንዲት ትንሽ ክብ ባትሪ ናት። ያቺ ባትሪ ካለቀች፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ዴስክቶፑ የድሮ ቀን ይዞ ይነሣል። አሮጌ ኮምፒውተር ያለበት ኢንተርኔት ቤት የሠራ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ኮኔክሽን ሲያገኝ ሰዓቱን ያርምና በአንዴ ዓመታት ይዘላል። በዚያች ቅጽበት አኒሜሽናችሁ በዴት ናው እየሄደ ከነበረ ጠብታዋን አትፈልጓት፤ የሆነ ቦታ ዘላ ሄዳለች። ስለዚህ ለእንቅስቃሴ ፐርፎርማንስ ናው፣ «ስንት ሰዓት ነው?» ለሚለው ዴት ናው።

ቀጥሎ ጠብታዋን የሚስለውን ፈንክሽን (የኮድ ክፍል) ለ«ሪኩዌስት አኒሜሽን ፍሬም» (requestAnimationFrame) ስጡት። ብራውዘሩ ስክሪኑን ሊያድስ ሲል ፈንክሽኑን ይጠራዋል፤ ሲጠራውም ጊዜውን በሚሊሴኮንድ ያቀብለዋል። ያ ጊዜ ከፐርፎርማንስ ናው ጋር መነሻው አንድ ነው። «አሁን» እንበለው። በየፍሬሙ የሚሠራው ይህ ነው፦

መነሻ ባዶ ከሆነ፣ መነሻ = አሁን
ያለፈ = (አሁን − መነሻ) ÷ 1000
ዙር = ያለፈ ለ3.03 ሲካፈል የሚተርፈው
ወረደ = 4.9 × ዙር × ዙር
ጠብታዋን ከአናት «ወረደ» ሜትር ዝቅ አድርገህ ሳል
ቀጣዩን ፍሬም ጠይቅ

(ጃቫስክሪፕት የተለዋዋጭ ስም በፊደላችን ይቀበላል። «ወረደ» ብላችሁ ብትጽፉት አይቆጣም።)

4.9 የምድር ስበት ፍጥነትን በየሴኮንዱ የሚጨምርበት መጠን (9.8) ግማሽ ነው፤ 3.03 ደግሞ 45 ሜትሩን ለመውረድ የሚፈጀው ሴኮንድ። ጠብታዋ በ1 ሴኮንድ 4.9፣ በ2 ሴኮንድ 19.6፣ በ3 ሴኮንድ 44.1 ሜትር ትወርዳለች። እንደ እውነተኛ ውሃ እየፈጠነች ማለት ነው። ማሽኑ ደክሞ ጥቂት ፍሬም ቢዘል እንቅስቃሴው ይቆራረጣል እንጂ ጊዜው አይዛነፍም።

ሦስተኛው መስመር ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ብዙ ኮድ እዚህ ቦታ «ሥሩ ስትደርስ መነሻ = አሁን» ይላል። ጠብታዋ ግን ልክ ፍሬሙ ላይ አትደርስም፤ ትንሽ አልፋ ነው የምትገኘው። ያቺ ትርፍ በየዙሩ ትጣላለች። በ30 ፍሬም አንድ ዙር እስከ 33 ሚሊሴኮንድ ሊጠፋ ይችላል። አንድ ጠብታ ላይ አይታወቅም፤ ድምፅ ወይም ሰዓት አብሮ ሲሄድ ግን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዓይን ያወጣል። ቀሪውን መውሰድ ምንም አይጥልም።

ሌላ ታብ ስትከፍቱ ብራውዘሩ መሳሉን ያቆማል። ስትመለሱ የኛ ስሌት የአሁኑን ቦታ ራሱ ያገኛል። ጌም ከሆነ፣ ማለትም ቦታው ካለፈው ቦታ ላይ እየተደመረ የሚሄድ ከሆነ ግን፣ በሁለት ፍሬም መካከል ያለውን ጊዜ ከ0.1 ሴኮንድ አታሳልፉት። አለበለዚያ ተጫዋቹ ግድግዳ በስቶ ይወጣል።

በመጨረሻ ጥግ ላይ የባሕር ዳርን ሰዓት እንጨምር። ከመሣሪያው ሰዓት ላይ 6 አትቀንሱ፤ ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ሲከፍተው የሱን ሰዓት ያሳየዋል። ከግሪንዊች ተነሡ። እኛ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት እንቀድማለን፣ አቆጣጠራችን ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከግሪንዊች ሰዓት ላይ 3 መቀነስ ብቻ ነው። ግሪንዊች 12 ሲሆን ባሕር ዳር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ 12 ደምሩ፣ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሱ፣ ዜሮ ከሆነ 12 በሉት። የሰዓት ቆጣሪው እጅ በሰዓት 30 ዲግሪ፣ በደቂቃ ግማሽ ዲግሪ ይዞራል። የደቂቃውና የሴኮንዱ እጅ በየጭረቱ 6 ዲግሪ ይራመዳሉ። እነዚህንም በየፍሬሙ ከዴት ናው አንብቡ እንጂ «በየ1000 ሚሊሴኮንዱ አንድ ጨምር» አትበሉ፤ ቀስ በቀስ ይዘገያል።

ሲያልቅ ፈትኑት። ክሮም የገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ የሚያዘገይ ምርጫ አለ። እሱን አብሩና የስልካችሁን ስቶፕዎች ይዛችሁ 10 ጠብታ ቁጠሩ። 30 ሴኮንድ አካባቢ ካልመጣላችሁ ኮዱ ውስጥ የሆነ ቦታ አሁንም ፍሬም እየተቆጠረ ነው።