የሦስት ቀን ስልጠና ስንት ሰዓት ነው?

ሐዋሳ ውስጥ ስልጠናና ዎርክሾፕ አስተባብራለሁ፤ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ሪፖርት እጽፋለሁ። የሚከፈለኝ በሰዓት ነው። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ድርጅት ለሦስት ቀን ስልጠና ቀጠረኝና የክፍያው ቀን ሲደርስ «እኛ የምናውቀው አዳራሽ ውስጥ የነበርሽበትን ብቻ ነው» አለኝ። ቀድሜ የተሳታፊዎችን ዝርዝር ያጣራሁበት፣ ማታ ማታ የቡድን ሥራ ወረቀቶችን ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩበት፣ በኋላም ሪፖርት የጻፍኩበት ሰዓት ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ። ተከራከርኩ፤ ግን ምን ይዤ? አንድም የጻፍኩት ነገር አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ የምሠራበትን መንገድ ነው የምነግራችሁ። ስልክና የጎግል አካውንት ካላችሁ ይበቃል።

መጀመሪያ ቀን ስትቆርጡ የከተማዋን ቀን እወቁ። ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ስለሆነ ሐዋሳ በእንግዳ ትሞላለች፤ ያኔ ለሠላሳ ሰልጣኝ አልጋ መፈለግ ጭንቅ ነው። ሁለቱንም ቀን ካሌንደራችሁ ላይ አስገቡ፣ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሐምሌ 19 ሁልጊዜ ጁላይ 26 ነው። ታኅሣሥ 19 ግን በአብዛኛው ዲሴምበር 28 ይውልና፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ወደ 29 ይገፋል። 2020 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነው። ስለዚህ «በየዓመቱ ድገም» ብላችሁ የተዋችሁት ቀን አንድ ዓመት ላይ ይስታል። የሲዳማ አዲስ ዓመት ፊቼ ጫምባላላ ደግሞ ከዋክብትን አይተው ቀኑን የሚቆርጡት አያንቶዎች ስለሆኑ፣ በሩቁ የተወሰነ ቀን የለውም። እኔ ይሆናል ብዬ የምገምተውን ሳምንት ርእሱ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጌ እይዘዋለሁ፤ ቀኑ ሲነገር አስተካክለዋለሁ። በዚያ ሳምንት ግን ለማንም ቁርጥ ያለ ቃል አልሰጥም።

ወደ ካሌንደሩ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው ሦስቱን ቀን «ኦል ዴይ» (ሙሉ ቀን) ብሎ አንድ ረጅም መስመር ያሰምርና ጨረስኩ ይላል። ያ መስመር ከላይ ተጋድሞ ይታያል እንጂ መቼ ምን እንደምትሠሩ አይናገርም። በዚያ ላይ ጎግል ካሌንደር ኦል ዴይ የሆነን ነገር ካልነካችሁት «ፍሪ» አድርጎ ነው የሚይዘው፤ ቀናችሁን የሚያይ ሰው ባዶ መስሎት ሌላ ቀጠሮ ያስገባባችኋል። «ቢዚ» ወደሚለው ቀይሩት። ከሥሩ እያንዳንዱን ቀን ለየብቻ ከፋፍላችሁ ሙሉ፦ አዳራሽ ማዘጋጀት፣ ምዝገባ፣ የጠዋቱ ክፍለ ጊዜ፣ ምሳ፣ የከሰዓቱ፣ ማታ ማስታወሻ ማጥራት። ዓርብ ከሆነ የምሳውን ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 ክፈቱት፤ ለጁምዓ የሚሄዱ ሰልጣኞች ተጣድፈው እንዳይመለሱ። ከስልጠናው በፊት ያለውን የዝግጅት ቀን፣ በኋላም ያለውን የሪፖርት ቀን እንዳትረሱ። እኔን ያከሰረኝ እነዚህን አለመያዜ ነው። ለየደንበኛው አዲስ ካሌንደር ከፍታችሁ ቀለም ስጡት፤ ለአዳራሹ ኃላፊ ስታጋሩት ማየት ብቻ እንዲችል አድርጉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን፤ እሱም የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። ደንበኛ በስልክ «የከሰዓቱ 8:30 ይጀምራል» ሲላችሁ 8:30 ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ካሌንደሩ የሚረዳው ከጠዋቱ 2:30 ብሎ ነው። መጻፍ ያለባችሁ 14:30 ነው። የስልካችሁን ሰዓት ባለ 24 አድርጉትና የቀኑን 6 ጨምራችሁ፣ የምሽቱን 18 ጨምራችሁ፣ ከሌሊቱ 6 ጀምሮ ያለውን ደግሞ 6 ቀንሳችሁ አስገቡ፤ ርእሱ ላይ ግን «ከሰዓት 8:30» ብላችሁ በእኛው ጻፉ፤ የሚያነበው ሰው አይደናገርም። መኪና የሚነሳው «ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 10» ከሆነም ካሌንደሩ ላይ ማክሰኞ 4:00 ነው። «ሰኞ ሌሊት» ያላችሁን ሰው ለማክሰኞ አጥቢያ ነው ወይስ ለሰኞ ብላችሁ ጠይቁት፤ በዚህ ምክንያት ሾፌር አንድ ቀን ቀድሞ ሲመጣ አይቻለሁ።

ሰዓት ለመቁጠር ክሎኪፋይ (Clockify) የሚባለውን መተግበሪያ ነው የምጠቀመው፤ በነጻ ይሠራል። ፕሮጀክቱ የደንበኛው ስም ነው፤ መግለጫው ላይ የምሠራውን በአንድ መስመር እጽፋለሁ፤ የሚከፈልበት ከሆነ የዶላር ምልክቷን እነካለሁ። ሥራ ስጀምር አስነሳዋለሁ፣ ለቡና ስነሳ አቆመዋለሁ። «ሥራ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። «የሁለተኛ ቀን የቡድን 3 ወረቀት መገልበጥ» የሚል መስመርን ማንም ደንበኛ አይከራከርበትም።

ኔትወርክ ወይም መብራት ጠፍቶ በወረቀት ከያዛችሁ ወደ ጎግል ሺትስ (የጎግል የሰንጠረዥ መሥሪያ) ስታስገቡ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። በእኛ ሰዓት ከቀኑ 11:30 እስከ ምሽቱ 2:00 ብላችሁ ከቀነሳችሁ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወጣል፤ 17:30 እና 20:00 ብላችሁ አስገቡ፣ 2:30 ይሰጣችኋል። ሁለተኛው ድምሩ ነው። የአንድ ሦስት ቀን ስልጠና እንዲህ ነበር፦ አዳራሽ 22:30፣ ዝግጅት 7:15፣ የማታ ሥራ 4:15፣ ሪፖርት 9:30። ድምሩ 43:30 ነው። ሴሉ ፎርማቱ ተራ ሰዓት ከሆነ ግን 24 ሲሞላ እንደገና ከዜሮ ስለሚጀምር 19:30 ብቻ ያሳያችኋል። ፎርማት፣ ነምበር፣ ዱሬሽን ብላችሁ ቀይሩት። ሦስተኛው በብር ስታባዙ ነው። ሺቱ ሰዓትን የሚይዘው የቀን ክፍልፋይ አድርጎ ስለሆነ፣ በሰዓት 400 ብር ብላችሁ 43:30ን በ400 ብታባዙ 725 ብር ይወጣል። በ24 ጭምር አባዙት፤ ትክክለኛው 17,400 ብር ነው። ይህን ልዩነት ቁጭ ብላችሁ እዩት፤ አንዲት ማባዣ ተረስታ የሳምንት ልፋት የአንድ ምሳ ግብዣ ታህላለች።

በየቀኑ ማታ፣ ከመተኛቴ በፊት፣ የዚያን ቀን መዝገብ በቴሌግራም ለደንበኛው እልካለሁ። ሥራው ካለቀ በኋላ በአንድ ጊዜ 43:30 ሲመጣበት የሚደነግጥ ሰው፣ በየማታው 2:30፣ 1:15 እያለ ሲያየው ልፋቱን አብሮ ይቆጥራል። ያልተስማማበት ካለም በማግስቱ ይነግረኛል፤ ሁለታችንም ገና እናስታውሰዋለን።

የትኛው ሰዓት እንደሚከፈል ግን ውሉ ላይ አስቀድማችሁ አስጽፉ። አንድ ቀን ስንት ሰዓት ነው? ከ15 ደቂቃ በታች ያለው እንዴት ይጠጋጋል? ከሐዋሳ ይርጋለም ደርሶ መልስ መንገዱ ይቆጠራል? መኪና ውስጥ ከገባችሁ በኋላ የሚነሳ ጥያቄ እንዳይሆን፣ ቅድመ ክፍያ ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁ።