ስኳር ሲወርድ የሚያሳውቅ ውሻ፦ ልጅ ባለበት ቤት እንዴት ይሠለጥናል?

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የሰባት ዓመት ልጄ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም አለበት። ቡቺ የምንለው ጥቁር ላብራዶር ደግሞ የልጁ የደም ስኳር ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ሲወርድ መጥቶ በመዳፉ ጉልበቴን ይጭራል። ይህን የምለው ዛሬ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ያስተማርኩት ሌላ ነገር ነበር፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ብረዝምባችሁ ምክንያቱ እሱ ነው።

1. መለኪያችሁን አትጣሉ

ውሻ የሴንሰር፣ ማለትም የልጁ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ስኳሩን ሳያቋርጥ እየለካ ቁጥሩን ወደ ስልኬ የሚልከው መሣሪያ፣ ምትክ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ በሠለጠኑ 27 ውሾች ላይ ተሠርቶ በ2019 የታተመ ጥናት አለ። ውሾቹ በውጤታቸው ሲደረደሩ መሀል ላይ ያለው ከ100 የስኳር መውረድ 83ቱን ይይዛል፤ ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው ግን ልዩነቱ ሰፊ ነበር። ቡቺም ይተኛል፣ ይሰለቻል፣ በመስኮት ሽኮኮ ያያል። ሌሊቱን የሚጠብቅልን ሴንሰሩ ነው፣ ቡቺ ሁለተኛ ዘበኛ ነው።

2. ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

በ2018 የቨርጂኒያ ዋና ዐቃቤ ሕግ እንዲህ ዓይነት ውሾችን የሚሸጥ ድርጅት ከሶ ነበር። ክሱ እንደሚለው ወላጆች ከ18,000 ዶላር በላይ እየከፈሉ የተረከቡት በቅጡ ያልሠለጠነ ቡችላ ነው። እኛ አንድ ዓመት የሞላው፣ ጠባዩ የታወቀ ውሻ ወስደን አሠልጣኝ በሰዓት ከፈልን። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ራሳችሁ እንድታሠለጥኑ ይፈቅዳል። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው «የምስክር ወረቀት» በሕግ ፊት ዋጋ የለውም፣ ገንዘባችሁን ለሥጋ አውሉት።

«ተቀመጥ»፣ «ና» እና «ተወው» የማይገባው ውሻ ጋ ስለ ሽታ ማውራት አይጀመርም።

3. ናሙና መሰብሰብ

ሐሳቡ ቀላል ነው። የልጁ ስኳር ሲወርድ ጥጥ አፉ ውስጥ ታደርጋላችሁ፣ ጥጡ ምራቁን ሲመጥ ጠርሙስ ውስጥ ከታችሁ ፍሪዘር ታስገባላችሁ፣ በኋላ ውሻውን ታስሸትታላችሁ። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በ2016 ስኳር ሲወርድ ትንፋሽ ውስጥ አይሶፕሪን የተባለ ጋዝ እንደሚጨምር ጽፈዋል። ውሻው ግን ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ሽታ ሁሉ የትኛውን እንደያዘ አይነግራችሁም። እኔን ጉድ የሠራኝ ይኸው ነው።

ልጄ ስኳሩ ሲወርድ መጀመሪያ ጣቱን በአልኮል እጠርግና እለካለሁ፣ ከዚያ የፖም ጭማቂ እሰጣለሁ፣ ሲረጋጋ ጥጡ ትዝ ይለኛል። ለማነጻጸሪያ የሚሆነውን፣ ስኳሩ ደህና በሆነበት ሰዓት የሚወሰደውን ናሙና ደግሞ ማታ ጥርሱን ከቦረሸ በኋላ ነበር የምወስደው። ቡቺ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ በሦስት ሳምንት ከስድስት ጠርሙስ ትክክለኛውን መምረጥ ጀመረ። ዘመድ ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ።

አንድ ቀን ቡና አፍልተን የጎረቤት ልጅ የፖም ጭማቂ ከፈተ። ቡቺ ከተኛበት ተነሥቶ ሮጠና ጉልበቴን ጫረኝ፣ ሽልማቱንም በጉጉት ጠበቀ። አሠልጣኛችን «እስቲ እንዴት እንደምትሰበስቢ አሳዪኝ» አለችኝ። አሳየኋት፤ ገና ሳልጨርስ ሳቀች። ሠላሳ አንድ ጠርሙስ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ።

እንዲህ አድርጉ። ጭማቂው በአንድ እጃችሁ ተከፍቶ ይጠብቅ፣ ጥጡ ይቅደም። ልጅ እየተንቀጠቀጠ አፉ ውስጥ ጥጥ መክተት ጭካኔ ይመስላል፤ የሚፈጀው ግን አሥር ሴኮንድ ነው። ቁጥሩ ከ54 በታች ከሆነ ወይም ልጁ ከፈዘዘ ናሙናውን እርሱት፣ ስኳሩን ስጡት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ግሉካጎን (ስኳርን ከፍ የሚያደርግ የድንገተኛ ጊዜ መድኃኒት) ትሰጡትና 911 ትደውላላችሁ።

እጃችሁን ሽታ በሌለው ሳሙና ታጠቡ፣ አዲስ ጓንት አድርጉ። ወሳኙ ነገር ለደህናው ናሙናም ያንኑ ዓይነት ጓንት፣ ያንኑ ዓይነት ጥጥ፣ ያንኑ ዓይነት ጠርሙስ መጠቀም ነው፣ የሚለያዩት በልጁ ስኳር ብቻ ይሁን። ከበላና ጥርሱን ከቦረሸ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይለፈው። ጠርሙሱ ላይ ቀን፣ ሰዓትና ቁጥር ጻፉ። እኔ የወረደ የምለው ከ55 እስከ 69፣ ደህና የምለው ከ90 እስከ 130 ያለውን ነው፤ መሀል ያለውን እጥላለሁ። የላስቲክ ከረጢት አትጠቀሙ። የእኛ ሰው ፍሪዘር በርበሬና ቅቤ ያለበት ነው፣ ሽታው ላስቲክን አልፎ ይገባል። የቀለጠ ናሙና ተመልሶ አይቀዘቅዝም።

4. ከጠርሙስ ወደ ልጁ

ያገኘ ቁጥር ወዲያው ሥጋ፣ ካላገኘ ዝምታ። ቁጣ የለም። ጠርሙሱን ሳይስት ሲያገኝ ናሙናውን ልጁ ኪስ ውስጥ፣ ቀጥሎም ሶፋው ሥር ደብቁ።

5. ምልክት ሲሰጥ

በጣት ለኩ። ሴንሰር ከደም በደቂቃዎች ወደኋላ ይቀራል። አንድ ማታ ሴንሰሩ 96 እያለ ቡቺ አላስቀምጥ አለኝ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ በጣት 68 ሆነ። ስለዚህ ቁጥሩ ደህና ቢሆንም 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ድገሙት፣ እየወረደ ከሆነ ሽልማቱን ስጡት። ልጁ ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም ግማሽ ኩባያ ጭማቂ፣ ከዚያ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። ለትንንሽ ልጆች መጠኑን ሐኪማቸው ይወስን።

6. እንግዳ፣ ወጥ፣ እጣን

እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ «በስመ አብ! ውሻ ሳሎን?» ብላ ሁለት ቀን ወንበር ላይ እግሯን ሰቅላ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን የዶሮ አጥንት በድብቅ ስትሰጠው ያዝኳት። ፍቅሯ ገባኝ፣ ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋሉ፣ የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ዶሮ ወጥ ሁለቱንም ይዟል። ስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶልም ውሻ ይገድላል፣ የስኳር ሕመም ያለበት ቤት ደግሞ እሱ አይጠፋም። እጣን ሲጨስ ከቡቺ ብዙ አልጠብቅም፤ ያን ሰዓት ስልኬን አጠገቤ አደርጋለሁ።

7. ከቤት ውጭ

ሬስቶራንት ውስጥ ሊጠይቋችሁ የሚችሉት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ውሻ ነው ወይ? ምን እንዲሠራ ሠልጥኗል? ወረቀት አይጠየቅም። ትምህርት ቤት ግን ውሻውን የመንከባከብ ግዴታ የለበትም፤ የሰባት ዓመት ልጅም 30 ኪሎ ውሻ መቆጣጠር አይችልም። ስለዚህ ቡቺን አንልክም፣ የልጁን የስኳር ጉዳይ በ504 ዕቅድ፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ ለልጁ የሚያደርገውን እገዛ በሚዘረዝረው ሰነድ፣ አስጽፈናል።

ቤተ ክርስቲያን ከአካል ጉዳተኞች ሕግ ውጭ ናት፣ የሃይማኖት ተቋማትን አያስገድድም። ቢያስገድድም እኔ ቅጽሯ ውስጥ ውሻ ይዤ አልገባም። እሑድ ቡቺ ቤት ይቀራል፣ እኔም ቅዳሴ መሀል ስልኬን በነጠላዬ ሸፍኜ ቁጥሩን አያለሁ።