ከፓተንትና ከሙያ ፈቃድ መዝገብ የሰውን የሥራ ሕይወት እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ሰው የሥራ ታሪኩን በራሱ አንደበት ሲተርክ ያሳምራል፣ ያሳጥራል፣ የማይመቸውንም ይዘላል። መዝገብ ቤት ግን የሚጽፈው ሕግ ጻፍ ያለውን ብቻ ነው፦ ስም፣ ቀን፣ አድራሻ፣ ቁጥር፣ ፊርማ። ለማንበብ አሰልቺ ቢሆንም፣ የት እንደሚታይ ለሚያውቅ ሰው የአንድን ሠራተኛ የአርባ ዓመት ልፋት መከተል የሚቻለው በዚሁ ጽሑፍ ነው። የምትከታተሉት ሰው በሕይወት የሌለ የቤተሰብ አባል፣ የታሪክ ሰው ወይም ልትታከሙበት ያሰባችሁት ሐኪም ሊሆን ይችላል። አካሄዱ ብዙም አይለያይም። ፓተንት ለአንድ ፈጠራ የሚሰጥ የባለቤትነት መብት፣ መብቱ የተጻፈበትም ሰነድ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስሙን በሁሉም መልኩ ጻፉ

ፍለጋ ከመጀመራችሁ በፊት የሰውየውን ስም ሊጻፍ በሚችልባቸው መንገዶች ሁሉ ዘርዝሩ፦ ሙሉ ስም፣ በመነሻ ፊደል ያጠረ ስም፣ ከጋብቻ በፊትና በኋላ ያለ ስም፣ ከሌላ ቋንቋ ሲገለበጥ የተለዋወጠ አጻጻፍ። የፊልም ተዋናይዋ ሄዲ ላማር ከሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል ጋር በ1942 ያገኘችውን የምሥጢር መገናኛ ዘዴ ፓተንት «ላማር» ብሎ የሚፈልግ ሰው በሰነዱ ላይ አያገኘውም። መዝገቡ የሚያውቃት ሄዲ ኪስለር ማርኪ ብሎ ነው። በዓለም ዙሪያ የታወቀችበት ስም ለመዝገብ ቤቱ የመድረክ ስም ብቻ ነበር።

ከስሙ ጎን የኖረበትን ከተማ፣ የሙያ ዘርፉንና ግምታዊ ዓመታቱን አስፍሩ። የስም መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ቢያንስ ሁለት ሌሎች ነገሮች እስኪገጥሙ ድረስ ሰነዱን «ያልተረጋገጠ» በሚል ክፍል ውስጥ አቆዩት። ሁለት ሰዎችን አንድ አድርጎ የኖሩትን ሕይወት መቀላቀል በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም ቀላሉና በጣም አሳፋሪው ስህተት ነው።

ፓተንቱን ፈልጉ

ጉግል ፓተንትስ፣ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ኤስፓስኔት እና የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ፓተንትስኮፕ ሦስቱም ያለ ክፍያ ያገለግላሉ። ለቅርብ ዘመን ሰነዶች በስም መፈለግ ይበቃል። ለቆዩት ግን አይበቃም። የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ የራሱ የመረጃ ቋት ሙሉ ጽሑፍ የሚሰጠው ከ1976 ወዲህ ለወጡት ነው። የቀደሙት በሌሎች ቋቶች የሚገኙት ኮምፒውተር ከምስል ላይ ባነበበው ጽሑፍ ስለሆነ፣ ስሞች ተበላሽተው ይወጣሉ። መፍትሔው በተዘዋዋሪ መሄድ ነው፦ በዚያ ዘርፍ የተሰጠ አንድ ፓተንት ታገኙና የምደባ ቁጥሩን (ፈጠራዎች በየዘርፋቸው የሚደረደሩበትን ቁጥር) ትወስዳላችሁ፣ ከዚያ በዚያው ምደባ ሥር ያሉትን በዓመት ገድባችሁ አንድ በአንድ ትገልጣላችሁ። አድካሚ ነው፤ ግን ይሠራል።

ከ1836 በፊት የተሰጠ የአሜሪካ ፓተንት የምትፈልጉ ከሆነ ተስፋችሁን ቀነስ አድርጉ። በዚያ ዓመት ዲሴምበር 15 ቀን ቢሮው ተቃጥሎ ወደ 10,000 የሚጠጉ ፓተንቶች ወድመዋል። በኋላ ላይ ቅጂያቸው ተፈልጎ የተመለሱት ከሦስት ሺህ ያነሱ ናቸው።

የፊት ገጹን በቁጥሮቹ አንብቡ

በዘመናዊ ፓተንት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ መረጃ ፊት በቅንፍ ወይም በክብ ውስጥ የተጻፈ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ታያላችሁ። ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ነገር ግን ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ትልቅ ሀብት ነው፣ ምክንያቱም ትርጉሙ በየአገሩ አንድ ነው። 72 የፈጠራ ሠራተኛው ነው፣ 71 አመልካቹ፣ 73 የመብቱ ባለቤት፣ 54 የፈጠራው ርዕስ። 22 ማመልከቻው የገባበት ቀን ሲሆን 45 የተሰጠው ፓተንት የታተመበት ቀን ነው። ስለዚህ ጃፓንኛ ወይም ኮሪያኛ ባታነቡም ማን ሠራው፣ ለማን ሠራው፣ መቼ ሠራው ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ታገኛላችሁ።

ለሥራ ታሪክ የሚጠቅመው ቀን በቁጥር 22 የተመለከተው ነው። ፓተንት ከማመልከቻው በኋላ ለመሰጠት ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል፣ 45ን ይዞ የሚጽፍ ሰው ሠራተኛውን ከለቀቀው መሥሪያ ቤት ውስጥ ያስቀምጠዋል። 72 እና 73ን ደግሞ አስተያዩ። የሰው ስምና የኩባንያ ስም ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙውን ጊዜ ቅጥርን ያመለክታሉ፣ የኩባንያው ስም የሚቀየርበት ዓመትም የሥራ ለውጥ ፍንጭ ይሰጣል። ማመልከቻ በአብዛኛው ከገባ ከ18 ወር በኋላ ስለሚታተም፣ በሕይወት ያለ ሰው የቅርብ ጊዜ ሥራ መዝገቡ ላይ ባይኖር አይግረማችሁ።

የቆየ ሰነድ ሲገኝ ቀስ ብላችሁ አንብቡ

በእኔ አስተያየት በጣም የሚያረካው ክፍል ይኸኛው ነው። የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ፓተንት የሚጀምረው «እኔ እገሌ፣ የዚህ ከተማ ነዋሪ» በሚል ማስታወቂያ መሰል ቃል ነው። በዘመኑ መጨረሻ ላይ ዜግነትም ይጨመርበታል። የውጭ ተወላጅ ከሆነ የየትኛው ንጉሥ ተገዢ እንደሆነ ይጠቀሳል፤ ስለዚህ በአንድ ፓተንት ላይ ተገዢ የነበረው ሰው በሌላው ላይ ዜጋ ሆኖ ሲገኝ፣ በሁለቱ ቀናት መካከል ምን እንደተፈጸመ ታውቃላችሁ። በግርጌው ሁለት ምስክሮች ይፈርማሉ። እነዚህን ስሞች አትለፏቸው፤ የሥራ ባልደረባ፣ የጠበቃ ጸሐፊ ወይም ዘመድ ሊሆኑ ይችላሉ፣ በተከታታይ ፓተንቶች ላይ የሚደጋገም ምስክር ደግሞ ከሰውየው ጋር አብሮ የኖረ ሰው ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ከስሙ ሥር «ግማሹን መብት ለእገሌ ያስተላለፈ» የሚል ሐረግ ካያችሁ፣ ገንዘብ ያወጣ ሸሪክ ሊኖር ይችላልና ያንን ሰውም ፈልጉት።

ማርጋሬት ናይትን እንውሰድ። በ1871 ጁላይ 11 ቀን ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለው የወረቀት ከረጢት የሚሠራ ማሽን ፓተንት ተሰጣት። በ1879 የተሻሻለ የከረጢት ማሽን አስከተለች። በ1880ዎቹ ወደ ልብስና ወደ ቤት ዕቃ ዞረች፦ የቀሚስ መከለያ፣ የልብስ ማያያዣ፣ የሥጋ መጥበሻ ዘንግ። በ1890ዎቹ የጫማ ሶል መቁረጫ ማሽኖች መጡ፣ ከ1902 ጀምሮ ደግሞ የሞተር ፓተንቶች፤ የመጨረሻው የወጣው በ1915 እርሷ ካረፈች በኋላ ነው። ርዕሶቹን ብቻ በቅደም ተከተል ስትደረድሩ የዘመኑ ገንዘብ ወዴት ወዴት ይሄድ እንደነበር፣ እርሷም እንዴት እንደተከተለችው ይታያል። ማንም ተራኪ አልጻፈውም፤ ርዕሶቹ ግን ይናገሩታል።

ያልተጻፈውንም መዝግቡ

ናይት በልጅነቷ በጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ሠርታለች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ገደማ መወርወሪያ ተፈናጥሮ ሠራተኛ ሲጎዳ አይታ የመከላከያ መሣሪያ እንደሠራች ይነገራል፣ በስሟ ግን ፓተንት አልወጣበትም። የከረጢቱ ማሽንም ቢሆን ሞዴሉ ሲሠራ ያየ ቻርለስ አናን የተባለ ሰው የራሱ አድርጎ አመልክቶበት ነበር፤ ናይት ተሟግታ አሸነፈች። ይህ ሁሉ ትግል በፓተንቱ ገጽ ላይ የለም። የክርክር ሰነዶች የሚቀመጡት በሌላ ፋይል ስለሆነ፣ ቀኖቹ ያልተለመደ መዘግየት ካሳዩ የክርክር መዝገብ መኖሩን ጠይቁ።

ሌላው ዝምታ የረዳቶች ነው። ሉዊስ ላቲመር ለአሌክሳንደር ግራሃም ቤል የ1876 የስልክ ፓተንት ሥዕሎችን እንደሣለ ይታወቃል፣ ፈጣሪ ተብሎ ግን አልተመዘገበም። በራሱ ስም ፓተንት ያወጣው ከዚያ በፊት በ1874 ለባቡር መጸዳጃ ነበር፤ በ1882 ደግሞ ለአምፖል የካርቦን ክር አሠራር አውጥቶ መብቱን ለዩናይትድ ስቴትስ ኤሌክትሪክ ላይቲንግ ኩባንያ አስተላልፏል። ፓተንት መብት ያለውን እንጂ እጅ የሠራውን ሁሉ አይቆጥርም።

ከዚያ ወደ ሙያ ፈቃድ መዝገብ ተሻገሩ

ሐኪም፣ ነርስ፣ አብራሪ፣ የአክሲዮን ደላላ ፓተንት ላይኖራቸው ይችላል፤ ያለ ፈቃድ ግን አይሠሩም። በብዙ አገሮች የፈቃድ ሰጪው አካል መዝገብ በድረ ገጽ ክፍት ነው። በአሜሪካ የአክሲዮን ደላላ የት የት ተመዝግቦ እንደሠራ፣ የትኞቹን ፈተናዎች እንዳለፈና ቅሬታ ቀርቦበት እንደሆነ ብሮከርቼክ በተባለው መዝገብ ይታያል። ከሁሉም ለሥራ ታሪክ የቀረበው እርሱ ነው።

ቀኖቹን ግን በጥርጣሬ ተቀበሉ። የአሜሪካ የጤና ባለሙያዎች ባለ አሥር አኃዝ መለያ ቁጥር መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው፤ ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ያገለገለች ሐኪም መዝገቧ ላይ «2006» ሲል፣ ሥርዓቱ የተዘረጋበትን ዘመን እንጂ ሥራ የጀመረችበትን አይናገርም። በአሜሪካ የአብራሪ ፈቃድ የሚያበቃበት ቀን የለውም፣ የሕክምና ምርመራው ግን አለው፤ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ዛሬ ይበርራል ማለት አይደለም። የሚታየው የተሰጠበት ቀንም አዲስ ደረጃ በተጨመረ ቁጥር ይታደሳል። በብሪታንያ ከ2009 ወዲህ በሐኪሞች መዝገብ ላይ መገኘትና የመሥራት ፈቃድ መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፦ ጡረታ የወጣ ሐኪም የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ሊተው ይችላል። የየትኛውንም መዝገብ ቀን ከመጠቀማችሁ በፊት መዝገቡ ራሱ መቼ እንደተጀመረና ቀኑ የምን ቀን እንደሆነ ከመግለጫው ላይ አንብቡ።

በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አምጡት

ሁሉንም በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ሠንጠረዥ አስፍሩ፦ ቀን፣ ቦታ፣ ድርጅት፣ የመዝገቡ ዓይነት፣ የሰነዱ ቁጥር። ከዚያ በሌላ ዓምድ «ሰነዱ ይላል» እና «እኔ ገምቻለሁ» ብላችሁ ለዩ። ክፍተት ስታዩ ቶሎ በግምት አትሙሉት፤ የአምስት ዓመት ዝምታ ሥራ አጥነት፣ ሕመም፣ ጦርነት፣ የአገር ለውጥ ወይም በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ሥራ ሊሆን ይችላል። ሰውየው በሕይወት ካለ የመኖሪያ አድራሻውን ከሠንጠረዡ አውጡት፤ መዝገቡ ስላሳየው ብቻ እናንተም ማሰራጨት የለባችሁም።

ፈልጋችሁ ያጣችሁትንም ጻፉ፦ በየትኛው ቋት፣ በየትኛው የስም አጻጻፍ፣ በየትኛው ዓመት ገድባችሁ፣ በምን ቀን። ቋቶቹ በየጊዜው አዳዲስ ሰነድ ስለሚጨምሩ፣ ከዓመት በኋላ ተመልሳችሁ የምትፈትሹት ይህንኑ ዝርዝር ነው።